የሰማያዊ ተራ

ሌንሴ ትንሽ ናት፤ አፏ ቢለካ ከውሃ ብርጭቆ አይሰፋም፣
ከቪኩኛ ገበያ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሐል ሳነሣት ማንም አልተሻማም።
ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ በኤልኪ ሸለቆ፣
ዓይኔ ከአስፋልቱ፣ እግሬ ከፍሬኑ ጋር ተጣብቆ፤
ሰማይ ያኔ ለኔ የመስታወት ጥግ ነበር።
አሁን ጡረታ ነኝ። ከጓሮዬ፣ ከወይኑ አጥር በስተዳር
ሦስቱን እግር ተክዬ፣ ኮቴን ደርቤ እቀመጣለሁ፤
ጤዛ እንዳይዛት፣ ሩዝ በካልሲ አሙቄ አንገቷን እጠመጥማለሁ።

ካሜራዬ ቀለም አያውቅም።
ብርሃን ይቆጥራል እንጂ ከማን እንደመጣ አይጠይቅም።
እኔ ነኝ በር ጠባቂ የማቆምለት፣ ሦስት ክብ ማጣሪያ፣
ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ የየተራ መግቢያ።
በቀዩ ሰዓት ቀይ ብቻ ያልፋል፣ ሌላው ደጅ ያድራል፤
በአረንጓዴው ሰዓት ቀዩ በተራው ይባረራል።
የሚወጣው ምስል ሦስቱም ጊዜ ግራጫ ነው፤
ኋላ ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንዱን ባንዱ ስደርበው፣
ሦስት ግማሽ ምስክር አንድ ሙሉ ቃል የሚሰጠው።

ርካሽ ሌንስ ግን ዐመል አላት፤
ቀይና ሰማያዊን ባንድ ወንበር ማስቀመጥ አይሆንላት።
ቀዩ ጥርት ሲል ሰማያዊው ያብጣል፣
ኮከቡ በቡጢ እንደተመታ ዓይን ዙሪያውን ይበልዛል።
መጀመሪያ ረገምኳት። ኋላ ለመድኩ፤
ለእያንዳንዱ ቀለም፣ የጥፍር ያህል፣ ጠምዛዣውን አዞርኩ።
ሁሉም የየራሱ ማረፊያ አለው፤
ሄዶ እዚያው መጠበቅ ነው።

በግንቦት፣ ወይኑ ተለቅሞ ቅጠሉ ሲገረጣ፣
የደቡብ መስቀል ከሸንተረሩ በላይ ቀጥ ብሎ ሲወጣ፣
ከግራ ክንዱ ሥር ጭጋግ የመሰለች ነጥብ አለች፤
የጌጥ ሳጥን ይሏታል። በሌንስ ስቀርባት ተበተነች፦
ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፤ በመሐል አንዲት ቀይ፣
ሰርግ ቤት ተሳስታ የገባች እንግዳ መሳይ።

ቀዩን አርባ ጊዜ ቀረጽኩ። አረንጓዴውንም እንዲሁ።
ሰማያዊው ላይ ስደርስ ሰማዩ ነጣብኝ፤ ዞር ብዬ አየሁ፦
የዶኛ ሬሚሂያ አምፖል።
ሰማያዊ ደካማ ነው፣ በእኔ ሌንስ በጥቂቱ የሚሸነፍ፤
የእሷ አምፖል ደግሞ አጥሩን ዘሎ ሌሊቱን የሚገርፍ።

አንኳኳሁ። ሹራቧን እየደረበች ወጣች።
«ኤልዬሰር በየትኛው አውቶቡስ እንደሚመጣ አይናገርም» አለች።
«ከመዳብ ማዕድኑ ሲለቁት ነው የሚሳፈር፤
ጨለማ ቤት ካየ፣ እንዳልቀሰቅሳት ብሎ ፌርማታው ላይ ነው የሚያድር።»

እኔ ልጁን አውቀዋለሁ።
ስንት ሌሊት ከመጨረሻው ፌርማታ አውርጄዋለሁ፤
ቦርሳውን አቅፎ፣ ይህችን መብራት እያየ ሲሄድ
በመስታወቴ አይቼዋለሁ።
«አጥፊው» ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።
«ቀይ ነገር አለሽ?» ስላት፣ ትኩሳት እንደያዘው ሰው አየችኝ።
ገብታ የሥጋ ቤት ፌስታል ይዛ መጣች፣ ቀይ፤
አጥፈን፣ ደርበን፣ በሲባጎ አሰርነው አምፖሉ ላይ።
በረንዳው ፍም መሰለ።

ተመልሼ ሰማያዊውን በሩ ላይ አቆምኩ፤
ጠምዛዣውን የጥፍር ያህል አዞርኩ።
ቀዩ መብራት መጣ፣ አንኳኳ፣ ተመለሰ።
ሰማያዊዎቹ ገቡ፣ አንድ በአንድ፣ ኮቴያቸው ሳይሰማ፤
ካሜራዬም ቆጠራቸው በጨለማ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ሠላሳ አንደኛው ቀረጻ ላይ፣
ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። ቀና አላልኩም ለማየት።
«ማማ፣ ቤቱ ምን ሆኖ ነው የቀላው?» ሲል ሰማሁ፣
ሳቋን ሰማሁ፣
ከዚያ የመብራቱን ማጥፊያ፣ ቀጭ።

ምስሉ አሁን ግድግዳዬ ላይ ነው። የመጣ ሁሉ ያደንቃል፣
«ቀይዋ ታምራለች» ይላል፤ ስለ ሰማያዊው ማን ይጠይቃል?
ፌስታል ግን ፌስታል ነው፤ ጥቂት ሾልኮ ነበር።
ከሠላሳ ሁለተኛው ጀምሮ፣ ቀረጻው አንድ በአንድ ሲመረመር፣
የሰማዩ ጀርባ በትንሹ ይጠቁራል።
ሲደመር አይታይም። እኔ ግን የት እንዳለች አውቃለሁ፤
ኤልዬሰር ቤቱ የገባባት ደቂቃ
እዚያ ውስጥ አለች።