አራተኛው ወንበር

ቦራ ይሉታል ነፋሱን፣ እንደ ግንባረ ነጭ በሬ፤
ቀንድ ሳይኖረው ይዋጋል፣ ኮፍያዬን ነጠቀ ዛሬ።
ትሪየስቴ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ የመርከብ ሠሪዎች አዳራሽ፤
ወለሉን ላግ ተብዬ መጣሁ፣ የመቶ ዓመት እድፍ አባሽ።

ማሽኑን ሳልነካ በፊት ተንበርክኬ አነባለሁ፤
«እንጨት ሳታነብ አትልገው» — የአባቴን ቃል አከብራለሁ።

መሐሉ ላይ ክብ አለ፣ አውድማ የመሰለ፣
ቫልስ ጥንድ በጥንድ እየነዳ ሲያበራይበት የዋለ።
እጅ ከወገብ፣ እጅ ከትከሻ፣ በመሐል አንድ ስንዝር አየር፤
ያችን ስንዝር በዓይናቸው የሚለኩ እናቶች ነበሩ ዳር ዳር።

ከመድረኩ ሥር ደግሞ የሹል ተረከዝ ንቅሳት፤
እንደ ጤፍ የተዘራ ነጥብ፣ የእናቴ ዘመን ቅብጠት።
ቱዊስት ሲመጣ ነው ይላሉ እጅ ከእጅ የተላቀቀው፤
ወንዱ ወዲያ፣ ሴቷ ወዲህ፣ ጉልበት ብቻ የሚያውቀው።
እናቴ ጁዲታ እዚህ ሰብራ አንድ ጫማዋን
አባቴ ያፈቀራት ሲያይ ነው ባዶ እግሯን።

እኔም አለሁ፤ ከዓምዱ አጠገብ፣ ከስንጥቁ ውስጥ፣
ከዲስኮው ኳስ የረገፈች አንዲት የመስታወት ፍንጣሪ።
ፀጉሬ እስከ ትከሻዬ፣ ሱሪዬ ከሥር ድንኳን፤
ከማን ጋር እንደጨፈርኩ እንጃ፤ ጢሱ አልለየም ማን ከማን።

ማሽኑን አስነሣሁ። ብናኙ ነጭ ሆኖ ወጣ፤
ቫልሱም ቱዊስቱም በአንድ ከረጢት፣ ማንም ማንንም ሳይቆጣ።

ከዚያ ግድግዳው ዘንድ ደረስኩ፣
ወንበሮች በተርታ ይቆሙበት ከነበረው።
ከመስኮቱ ቢቆጥሩ፣ አራተኛው ቦታ ላይ
ሁለት ትንንሽ ስርጉዶች፣ ጎን ለጎን፣
ጠብታ ድንጋይ እንደሚበሳው ያሉ።
እዚህ ማንም አልዞረም።
አንድ ሰው ተቀምጦ ነው፣
ዓመት ከዓመት፣ ምቱን በተረከዙ የቆጠረው።

ኤርሚኒያ።
የአባቴ ታላቅ እኅት።
ቁመቷ ከወንዶቹ በላይ፣ ጥርሷ ወጣ ያለ፣
ዓርብ ማታ ሰማያዊ ቀሚሷን የምትተኩስ።
በዚያ ዘመን ሴት አትጠይቅም፣ ትጠየቃለች፤
«ይፈቀድልኛል?» የሚል ካልመጣ
ሙዚቃው የሌላ ሰው ነው።
ሰባት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።
ቀሚሱ ተለወጠ፣ ወንበሩ አልተለወጠም።

«የድሮ ዳንስ ጨዋ ነበር» እያልኩ ስመጻደቅ የኖርኩ ሰው፣
እነዚያን ሁለት ስርጉዶች መላግ እጄን አቃተው።
ተቆጣጣሪው፣ «ያቺ ጥግ ቀርታለች» አለኝ።
«እንጨቱ ሳስቷል» አልኩት።
ዋሸሁ።

ቫርኒሹ ደርቆ አዳራሹ በተከፈተ ለት
ልጄ ጃዳ አክስቴን በክንዷ ደግፋ አመጣቻት።
ሙዚቃ የለም።
ሦስት መቶ ወጣት፣ በየጆሮው ማዳመጫ፤
የሚሰማው የጫማ ኮሽታ ብቻ፣
ገለባ የሚረግጡ ይመስል።
ሁሉም በየራሱ ዜማ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
«ምስኪኖች፣ ብቸኞች» አልኩ በልቤ፤
ጮክ ብዬ ልለውም ነበር።

ኤርሚኒያ ቀደመችኝ፦
«ማነው ለዳንስ የሚያነሣቸው?»
«ማንም» አለች ጃዳ፤ «ራሳቸው ይነሣሉ።»

አክስቴ ዝም አለች። ረጅም ዝምታ።
ማዳመጫውን አጠለቀች፣ ወዲያው አወለቀች፤
«ይጮኻል» ብላ እኔን አስያዘችኝ፣ ቦርሳዋንም ጨምራ።
በሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣ ጆሮዋ ባዶውን፣
ብቻዋን ሄደች፤
ወደ መሐል አይደለም፣ ወደ መስኮቱ።
ተረከዟ ስርጉዱን ሳይፈልግ አገኘው።
ምን እንደሰማች አላውቅም፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ትከሻዋ ግን ያውቅ ነበር።

እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ፣
ቦርሳዋን እንደታቀፍኩ፣
የሚጠይቀኝ ሰው ጠበቅሁ።