አራት ደቂቃ፣ ደቻቱ ዳር

እውነተኛው ማጣሪያ፣ ባለ ክሩ፣ ባለ ማኅደሩ፣
የአራት ሠርግ ሒሳቤን ይበላል፤ ይቅርብኝ፣ ይኑር ከነክብሩ።
እኔ ሙሜ ጋ ሄድኩ፣ ከታይዋን ጀርባ፣ ከብየዳ ቤቱ፤
ካረጀ ጭንብል ተፈልቅቆ ወጣ ጥቁር መስታወቱ፣
ጥጉ የተሸረፈ፣ ፊቱን የእሳት ፍንጣሪ የበላው።
«አቦ፣ በዚህ'ኮ ፀሐይን ብታዪያት
የድሬ ሎሚ ናት፤ ጨምቀሽ ጠጪያት።»

የባጃጅ ከመነዳሪ ቆርጬ ከሌንሱ አንገት አሰርኩት።
ዐሥር ሰዓት ከሩብ፣ ከድልድዩ ወረድ ብዬ አሸዋው ላይ ቆምኩ፤
የሦስት እግሩን ሆድ ድንጋይ በሞላ ፌስታል አከበድኩ።
ማተኮር አስቀድሞ ነው፤ መስታወቱ ከገባ ወዲያ
ዓይን ሥራ ፈት ነው፣ የለውም ማረሚያ።
ያየሁትን አምኜ ጋረድኩት።

ሠርግ ቤት ሥራዬ ሰው ማስቆም ነው፤
«አንዴ ፈገግ! እንዳትነቃነቁ!»
እዚህ ማንንም አላስቆምኩም።
ገመዱን ተጫንኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
የአወዳይ ጫት ሳይጠወልግ ሊያደርሱ ሴቶች ሲሮጡ፣
አንድ ጥንድ ጫማ ለሁለት የተካፈሉ ልጆች ኳስ ሊለጉ ሲመጡ፣
የአሸዋ ጫኞቹ አካፋ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣
ግመል በሰልፍ አቧራ እያስነሣ ወደ ገበያ ሲነጉድ፣
«ዋሪያ!» ሲባል፣ «ዋሪያ!» ሲመለስ፣ ሁሉም በፊቴ አለፈ፤
ሁለት መቶ አርባ ስል መዝጊያው ዐረፈ።

ምስሉን ስከፍተው ሰው የለም።
የሮጠው ሁሉ አልተያዘም። አሸዋው ብቻ፣ እንደ ተደፋ ወተት፤
ጫኞቹ በነበሩበት ስስ ጉም፣ አካፋ የሌለው፣ ላብ የሌለበት።
አንዲት አህያ ደቂቃ ተኩል ቆማ ኖሯል፤ በሆዷ ውስጥ የድልድዩ ምሰሶ ይታያል።
(«ጂኒ አህያ!» ብሎ ሙሜ ኋላ እስኪያስለው ስቋል።)

ደግሞም አረንጓዴ ነው። የብየዳ መስታወት ጠባዩ ነው አሉ፤
ለእኔ ግን ድልድዩ፣ ግንቡ፣ የከዚራ ዛፎች ሁሉ
ውሃ ሥር ናቸው።
በደረቅ ወንዝ ላይ ቆሜ፣ ጠብታ በሌለበት፣
ከተማዬን ጎርፍ ውስጥ አነሣኋት።
«ቀለሙን አርሚው» አለኝ ሙሜ፣ ሳቁን ትቶ።
ይታረማል፣ ቀላል ነው። አልነካሁትም።

ከመሐል አንዲት ሴት አለች።
አዴ ኢፍቱ ናት። ያ የሐምሌ ማለቂያ ሌሊት ቤቷን ከጠረገው ወዲህ
በዚህ ሰዓት ትመጣለች፤ ደጃፏ የነበረበት ስፍራ ላይ ትቆማለች።
ሳተኩር አላየኋትም፤
ከሚሮጥ መሐል የቆመ ለዓይን አይታይም።
አራት ደቂቃ ሙሉ፣ የፊቷ አንድ መስመር አልሸሸም፤
የሻሿ ጫፍ ብቻ ነው የተነነው።

አሳትሜ ወሰድኩላት። አራቀችው፣ አቀረበችው።
«ሌላው ሰውስ?»
«አለፈ። የሚያልፍ አይያዝም፣ አዴ።»
«በስንት ጊዜ ጠፋ?»
«በአራት ደቂቃ።»
በአውራ ጣቷ ወረቀቱን አበሰች፣ አቧራ ሳይኖረው።
«ያኛውም ብዙ አልቆየም» አለች።
ከዚያ ተቆጣችኝ፤ «ምነው ይህን በሚያህል ሥዕል ብቻዬን አደረግሽኝ?
ነገ ነይና አጠገቤ ቁሚ።»

በማግሥቱ ሰዓቱን ሞልቼ ሮጥኩ፣ አጠገቧ ቆምኩ።
መቆም ይህን ያህል ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።
ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ተቀመጠ፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤
እግሬ ክብደቴን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ለወጠ፤
አንዴም ዞሬ አየኋት፣ ወዴት እንደምታይ ልይ ብዬ።
እሷ አልዞረችም።

ምስሉ ወጣ፤ አረንጓዴ ወንዝ፣ ድልድይ፣ ኢፍቱ፣
ከጎኗ ትከሻዋን የሚያህል ስስ ጭስ።
እኔ ነኝ።
የወዲያኛው ዳር በውስጤ አልፎ ይታያል።