የጭሰኛ ልጅ ድርሻ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ከነቲቮት ወጥቼ፣
በሞሻቩ በረት በር መብራቴን አብርቼ፣
ቁልፉን ሳዞርባት ያቺ ትንሽ ሎደር
ሁለቴ ትስልና ትላለች ድርርር፤
ጭሷ ከጣራው ሥር ይዞራል ቀስ ብሎ፣
ላሞቹም ያዩኛል ጆሯቸው ተተክሎ።
ወንበሯ ወገቤን ከሐኪሙ ይልቅ ያውቀዋል፤
የት ላይ እንደሚቆረጥመኝ ቀድሞ ይነካዋል።
እበቱን ጠርጌ፣ መኖውን ገፍቼ፣
ፀሐይ ስትወጣ በተጎታች ጭኜ፣ ወደ ከተማ ነድቼ፣
ከአዲሱ ሰፈር ጥግ፣ ሕንፃ ከሚበቅልበት፣
አሸዋ ማንሣት ነው ቀኔን የማመሽበት።

አባቴ ትዛዙ ርስት አልነበረው።
የወገራ አፈር፣ ያረሰው፣ ያለሰለሰው፣
የሌላ ሰው ነበር። ጭሰኛ ይሉታል፤
ከጎጆው የሚወጣው ጭስ እንጂ፣ መሬቱ መች የእሱ ይሆናል?
ሲሶው ለባላባት፣ አንዳንዴም እኩሌታ፣
ቀሪው ለዘር፣ ለግብር፣ ለበሽታ፤
በመጨረሻ የተረፈው
እፍኝ ማሽላ ነው፤ እሱንም ነቀዝ ያገኘው።
እኔም እዚህ አገር፣ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ፣
ማሽኑ የቀጣሪ፣ በረቱ የሞሻቭ፤
ጭሱ ነው የደረሰኝ።

አንድ ቀን በምሳ፣ ጎኗን ተደግፌ፣
የስም ሳህኗን ጭቃ በጥፍሬ አራግፌ፣
የሠሪዋን ስም አነበብኩ። ማታ ለሊአት፣ ለልጄ፣
«ይሄ ኩባንያ ይሸጣል?» አልኳት፣ ስልኳን ከእጇ ወስጄ።
ሳቀች። «አባዬ፣ ኩባንያ እኮ እንደ ዶሮ ነው፣
በብልት በብልቱ ነው የሚሸጠው።
አንተ ክንፍ ትገዛለህ፤ ፈረሰኛው የሌላ ነው።»
አሥራ አንድ ክንፍ ገዛሁ፣ ለጥርሴ ካስቀመጥኩት።
(ጥርሱ ይቆይ አልኩት።)

የቴሌቪዥን ሊቃውንት በመስመር ሲከራከሩ፣
ቀይ ወረደ፣ አረንጓዴ ወጣ እያሉ ሲናገሩ፣
እኔ የማየው ከሆዷ ሥር ነው።
መካኒኩ ማክሉፍ፣ ሲጋራው ከንፈሩ ላይ፣
«የድሮው ጎሚኒ ሺህ ሰዓት ይችል ነበር፤ ይሄን እይ፣
አምስት መቶም አልሞላ!» ብሎ ቀለበቱን ወረወረ።
ያን ለት ልቤ ጠረጠረ።
ጋዜጣው የጻፈው ሦስት ወር ቆይቶ፣
ዋጋው ከወደቀ፣ ሰዉም ከሸሸ፣ ነገሩ አብቅቶ።
እኔ አልሸጥኩም። ያነከሰ በሬ ባንድ ቀን አይታረድም፤
አብሮ ያረሰ ሰው እንዲያ አይፈርድም።
በሩብ ዓመቱ ላይ ትርፍ ተላከልኝ፤ አሥራ ስድስት ሸቀል።
ለሌላ ጎተራ ሲሰፍር የኖረ ቤት፣
ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እነሆ፣ ተሰፈረለት።

ትናንት ሊአት ደወለች፦ «አባዬ፣ ጨመረ!
ዘጠኝ በመቶ!» ድምጿ በደስታ ሰከረ።
«ምን ተገኘ?» አልኳት። «አዲስ ሞዴል ወጣ፤
ሾፌር የማይፈልግ፣ ራሱ የሚሄድ፣ ራሱ የሚመጣ…»
ዝም ተባባልን።
በዝምታው መሃል አንዲት ላም ጅራቷን ወዘወዘች።
ልጄም ገባት መሰል፣ «አባዬ…» ብላ ዘጋች።
አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ተቀመጥን፤
አንዱ ስቆ፣ አንዱ አኩርፎ።

ማታ መልእክት መጣ፦ «ክቡር ባለ ድርሻ፣
ድምፅዎን ይስጡ፣ እስከ ኀሙስ መጨረሻ።»
ክቡር! አባቴ ሳይሰማት የሞተ ቃል።
አሥራ አንድ ድምፅ አለኝ፣ ከሚሊዮኖች መሃል፤
አውራ ጣቴን ጫንኩት፤ ስልኩ «አላወቅኩህም» ይላል።
አበስኩት በሱሪዬ፣ ደግሞም በምራቄ፤
አሻራዬ የለም። ሃያ ዓመት መሪው ላይ ፍቄ፣ ፍቄ፣
እሷው ናት የላሰችው።

አሥር ሰዓት ሆነ። ዛሬ ኀሙስ ነው።
ስልኩን ደረት ኪሴ ከተትኩት፣ ድምፄ እዚያው እንዳለ።
ቁልፉን አዞርኩት።
ሁለቴ ሳለች።
ጭሱ ወጣ፤ ለጊዜው
የእኔ ነው።