የጣርማበር ሳል

ማክሰኞ ማለዳ፣
ውርጩ ገና ሳይለቅ የጠባሴን ሜዳ፣
ቀይ አልፋ ሮሜዮ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያው የሸራ፣
ጋራዤ ደጃፍ ላይ ሦስቴ አስነጥሶ
አራተኛውን ሲሞክር ፈራ።

ባለቤቱ ወረደ። አጥናፍሰገድ ይባላል፣ ከሸዋ ሮቢት፣
ማሾ ያመርታል፤ ንግግሩ እንደ ቆላ ዝናብ ነው፣ ጥቂት።

«ቆላ ላይ ደህና ነው፤ እንደ ድመት ነው የሚያንኮራፋው፣
ደብረ ሲናን አልፌ ዳገቱን ስይዝ ነው የሚከፋው።
ዋሻው አፍ ላይ ስደርስ፣ የጣርማበር ጉም ሲያለብሰው፣
ይንዘፈዘፋል፣ ወባ እንደያዘው ሰው።
ከዚያ በሦስት እግሩ እያነከሰ ነው እዚህ የሚደርሰው።»

ኮፈኑን ከፈትኩ።
ከእኔ በፊት ስንት እጅ ገብቶበታል!
ካንዴላው አዲስ፣ ቦቢናው አዲስ፣ ፑንቲናው ተለውጦበታል፣
ካርቡራተሩን አንዱ አጥቦታል፣ ሌላው ፈቶ ገጥሞታል፣
ሦስተኛው «ደጋ ላይ አየር ያጥረዋል» ብሎ
ሚኒሞውን ሰቅሎታል።
ሐኪም የበዛበት በሽተኛ
ዕዳው እንጂ ዕድሜው መቼ ይጨምራል።

ከዘነበች ጋር፣ ከተማሪዬ ጋር፣ ካንዴላዎቹን ነቀልናቸው፣
በጨርቅ ላይ በተራ ደረደርናቸው።
ሦስቱ ደረቅ ናቸው፣ የሻይ መልክ አላቸው።
አራተኛው ጥቁር፣ እርጥብ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት፣
ምግቡ ቀርቦለት እሳት ያልደረሰለት።

እንግዲያ ነዳጅ አይደለም፤ እሳት ነው የጎደለው።
ቦቢናው ይልካል፣
መንገድ ላይ ማነው ሌባው፣ የሚያጎድለው?

«ሲያስልብህ» አልኩት፣ «ጉም ነበር ወይስ ፀሐይ?»
ዝም አለ። ዓይኑ አረፈ ከባዶው ወንበር ላይ።
«ሁልጊዜ ጉም ነው። ባለቤቴ ነበረች የምታውቀው፣
መስታወቱን በሻሿ እየጠረገች
‹ስማ፣ አንዱ ድምፅ ጎደለ› የምትለው።
ሳቅሁባት።
ዘንድሮ ነው የሰማሁት፣ ብቻዬን ስነዳው።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።
እስኪመሽ ጠበቅን።
በሩን ዘጋን፣ አምፖሉን አጠፋን፣ ሞተሩን አስነሳን።
ዘነበች ከጎረቤት ፀጉር ቤት የውሃ መርጫ ተውሳለች፣
«በይ እንግዲህ» አልኳት፣ «ስምሽን ሥሪበት»፤
ረጨች።
ጣርማበርን በእጇ ይዛ ጋራዤ ውስጥ አወረደች።

ሞተሩ ሳለ።
ያኔ፣ በጨለማው፣ ከአራተኛው ገመድ ጎን፣
ሰማያዊ፣ እንደ መርፌ ቀጭን፣
ወደ ብረቱ የሚዘል ትንሽ መብረቅ፤
ቀን ለቀን ዓይን የማይታይ፣
ፀጉር የምታህል ስንጥቅ።
እሳቱ ቤቱ ሳይደርስ በእርጥበቱ ተሻግሮ ያመልጣል፤
ቆላው ደረቅ ነው፣ መሻገሪያ የለውም፤
ደጋ ላይ ጉሙ ድልድይ ይሆንለታል።

አጥናፍሰገድ ጎንበስ አለ። «ይቺ ናት?»
«ይቺው ናት።»
ዓመት ሙሉ ገንዘቡን የበላችውን ቆሞ አያት።
ሞተሩን ላጠፋ እጄን ስሰድ
«አንዴ ድገሟት» አለን።
ደገምናት።

ገመዱን ከመርካቶ አስላክን፤ ያመጣው የአውቶቡስ ረዳት
ከገመዱ ዋጋ የሚበልጥ ጉርሻ ተቀበለበት።
ሐሙስ ገጠምን። ሚኒሞውን ወደ ቦታው መለስን።
አጥናፍሰገድ ከፈለ፣ ሸራውን ገለጠ፣ ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ነፋስ ይሰማል።
ሰው አይናገርም።
ሞተር ብቻ። ኮፈኑን ከፍቶ ስልኩን አስጠግቶታል።
ቆጠርኩ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
«ጉም አለ?» አልኩት።
«መዳፌን አያሳየኝም። ሰማህ?»
«ሰማሁ።»

ሌላም ነገር ሰምቻለሁ፣ ለዛሬ ትቼለታለሁ፦
ማርሚታው ተበስቷል።
ማክሰኞ እነግረዋለሁ።