ከድጉሱ ሥር

ሂርማታ ገበያ፣ ከልብስ ሰፊዎች ጀርባ፣
አንድ ሰው ከተቀመጠ ሌላው የማይገባ
ሱቅ አለችኝ። የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የእድር ደብተር፣
ጠርዙ የላላ ቁርኣን፣ ምስጥ የቀመሰው መዝሙር፣
ሁሉም ይመጣል። ማን ምን እንደሚያነብ አልጠይቅም እኔ፤
ጀርባው ከተሰበረ፣ ወገኔ ነው፣ ወገኔ።

ባለፈው ክረምት፣ አዌቱ ሞልቶ በደፈረሰበት፣
ቶለሳ አንድ ጥራዝ አመጣ፣ በፌስታል ጠቅልሎት።
«ጀርመኑ ሐኪም ጥሎት የሄደው ነው» አለኝ፣
«ከመጋዘን፣ ከአይጥ አፍ አስጥዬው መጣሁኝ።»
ቋንቋውን አላውቅም፤ ቆዳን ግን አነባለሁ፣
በአውራ ጣቴ ዳብሼ ዕድሜውን እሰማለሁ።
ሦስት ሦስት ሆኖ አየሁት የጸጉሩን ቀዳዳ፤
የምን እንስሳ እንደሆነ ገባኝ፤ እጄ ሆነብኝ እንግዳ።
የላስቲክ ጓንት ገዛሁና ሥራዬን ቀጠልኩ፤
ጀርባው ተሰብሯል፤ ቃሌም ቃል ነው አልኩ።

ድጉሱን ስገሸልጥ፣ ከደረቀው ሙጫ በታች፣
አንዲት የብራና ጥብጣብ ብቅ አለች፤
ሁለት ጣት ስፋቷ፣ በቢላ የተሸነተረች፣
አራት ቀይ መስመር ለብሳ የተጋደመች።
በመስመሮቹ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ፣
ጉንዳን ሆኖ ወደ ላይ የሚሳብ።

ዳዊታቸውን ሊወስዱ የመጡት መሪጌታ ልሳነወርቅ
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት በጥልቅ፦
«ፊደሉን አላውቀው፤ ይህ ግን ምልክት ነው።
እዚህ ጋ ርክርክ አለ፤ ደረትም ይመስላል፣ ይኸው።»
ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ሊያዜሙት ሞከሩ፤
ሦስት ድምፆች ወጡና ከቢላው ጠርዝ ላይ ቀሩ።
አራተኛው ምናልባት በሌላ አገር፣ በሌላ ጥራዝ ተሰፍቷል፤
ማን ያውቃል።

ያን የጥንት ጠራዥ ልረግመው አፌን ከፈትኩ፣
ጸሎት ሸንትሮ ለጀርባ ያዋለውን። ግን ዝም አልኩ።

እኔም አድርጌዋለሁ።

ስድሳ ዘጠኝ ላይ፣ ወንድሜ ሚፍታህ በሌሊት ሲወሰድ፣
አምስት ገጽ ደብዳቤ ቀረኝ፤ ለእሳት የሚከብድ፣
ለሣጥን የሚያሰጋ። ያን ሳምንት ለቡናው መጋዘን
አሥራ ሁለት መዝገብ እጠርዝ ነበር፣ የሚዛን።
ደብዳቤውን በቁመቱ ሸነተርኩት፤
ሙጫ ቀብቼ በአሥራ ሁለቱ ጀርባ ውስጥ ለጠፍኩት።
ሊፈትሹ መጡ። አንደኛው ወረቀት ዘርግቶ
ስሜን መዘገበ፣ ክንዱን በሚፍታህ ቃል ላይ አስተኝቶ።

ካነበብኩት ሁሉ አንድ መስመር ነው ያልጠፋኝ፦
«ጫማዬ ጣራው ሥር ነው፤ ሲዘንብ ወደ ውስጥ አስገባልኝ።»

ጥብጣቧን በፖስታ አድርጌ ለቶለሳ ሰጥቼ፣
ወደ መጋዘኑ ሄድኩ፣ ቢላዬን ኪሴ ከትቼ።
ዘበኛው ነስረዲን ሳቀ። «እሱማ፣ አባቴ፣ በኪሎ ሄደ ለገበያ፤
ለበርበሬ መቋጠሪያ፣ ለቆሎ መጠቅለያ።»

ሦስቱ ግን ከዛገ ሚዛን ሥር፣ አቧራ ለብሰው፣
አሉ። አንዱን ጉልበቴ ላይ ገለበጥኩት፤ ጀርባው
እንደ አዲስ ነው።
ዞርኩት፣ ደባበስኩት፤ የቢላዬ ጫፍ መግቢያ አጣ።

በደንብ ነበር የሰፋሁት።