ስንዴ አለበት

ፓስፖርቴ ውስጥ አራት ላይ የታጠፈች ወረቀት አለች፣
ፋርማሲስቷ ራህመት በዐረብኛ የጻፈችልኝ ነች፤
«ይቺ ሴት ስንዴ አትበላም፣
ገብስም፣ አጃም፣ ፍርፋሪም ያማታል» ትላለች።
ማንበቡን አልችልም፤ እንደ ክታብ ነው የያዝኳት፣
ዴይራ ከገባሁ ወዲህ ለስንት አሳላፊ ዘረጋኋት!

የሆቴሉ ቁርስ ክሩዋሳ፣ ፓራታ፣ ሳምቡሳ፣
ገና ከሊፍት ሳልወጣ ሽታው ምራቄን ሲያነሳሳ፣
እኔ ሙዝና ቅቅል እንቁላል በሶፍት ጠቅልዬ
እወጣለሁ ወደ ናይፍ፣ የስልክ ሽፋን በደርዘን ልገዛ፣ ባዶ ሻንጣ አዝዬ።
የነሐሴ ወበቅ መነጽሬን እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል።

ሩዝ አለ አሉኝ። አዎ አለ፣ እንደ ኮረብታ የተቆለለ፤
ጭልፋው ግን አንድ ነው፣ በዱቄት በወፈረ መረቅ ውስጥ የዋለ።
አሳላፊው ወረቀቷን አነበበ፣ «ማፊ ሙሽኪላ!»
ሲመለስ ሩዙን ቂጣ አልብሶት መጣ፣ እንደ ነጠላ።

ሦስት ቀን ተምር።
ጣፋጭም ሲበዛ ይመራል ለካ።

በሦስተኛው ማታ ፍሪጅ ሙራር ገባሁ፣
በአማርኛ የተጻፈ የምግብ ቤት ስም አየሁ።
ወረቀቷን ወደ ፓስፖርቴ መለስኳት። ጤፍን ማን ይጠረጥራል?
በገዛ ቋንቋው የራበው ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል?

እጄን ታጠብኩ። ምስር ወጥ መጣ፣ እንጀራው ላይ የፈሰሰ፣
እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ወደ ትሪው ገሰገሰ።
ያቀረበችው ልጅ ግን አልሄደችም፤ ቆማለች፣
ጥፍሯን ትነካካለች።
እኔም ለወግ ያህል፣ «እዚህ እንኳ ስንዴ አይገጥመኝም» ብዬ ሳቅ ስል
ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ዞር ብላ አየች፣
ጎንበስ ብላ፣ ጠረጴዛ የምትወለውል መስላ፦
«እትዬ፣ አይብሉት። ግማሹ ስንዴ ነው።
ጤፉ ውድ ነው፤ ያስቀላቅሉናል።»

ጦይባ ትባላለች፣ የባቲ ልጅ። ለእንጀራ ብላ ነው የመጣችው፣ እንደ ሁሉ፤
እኔም ለእንጀራ፤ እሷ በምሳሌው፣ እኔ በቃሉ።
አብሮኝ ያደገ ምግብ፣ ባሕር ሲሻገር ከስንዴ ተጋብቶ
የእንጀራ እናት ሆነኝ፣ በእናቴ መልክ መጥቶ።
አላለቀስኩም። ትሪውን ገፋ አድርጌ ሂሳቡን ከፈልኩ፣
እንዳይቆጧት ብዬ «ጠግቤያለሁ» አልኩ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ሥራዋን ስትጨርስ፣ አስከትላኝ ሄደች፣
ሁለት ልብስ ሰፊ፣ አንድ ቁልፍ ቀራጭ አልፈን ጠባብ በር አንኳኳች።
ሱኩማራን፣ የኬረላ ሰው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣
ወረቀቷን በአንድ ዓይኑ አየና «ግቡ» አለ።
ያቦካው ሩዝና ጥራጥሬ ነው፤ ሌሊቱን ያደረ፣ የኮመጠጠ፣
ሽታው ሲደርሰኝ ሆዴ እንደ ልጅ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ከመደርደሪያው አንዲት ቆርቆሮ አወረደ፣ ትንሽ፣ ቢጫ፣
ለወጡ የሚነሰነስ፣ የሚከረፋ የተክል ሙጫ።
መነጽሩን ወደ ዓይኑ አውርዶ ጀርባዋን አነበበ፣
አንዴ። ሁለቴ።
«ስንዴ አለበት።»
ሃያ ዓመት አብስሎበት አንብቧት አያውቅም።
ወጡን ተወውና ኮኮናት ፈጨልኝ፤
ብረቱን አጠበ፣ በግማሽ ሽንኩርት አሸ፣ እንደገና አጠበ።

ቀጭን ነው፤ ጠርዙ ይሰበራል። እንጀራ ነው አልልም።
ዓይኑ ደቃቅ ነው፤
ግን አየኝ።

ሦስት በላሁ። አራተኛውን ስቆርስ ጦይባን አየኋት፣
ግድግዳ ተደግፋ፣ ከላስቲክ እያወጣች ስትጎርስ፣
ያንኑ፣ ባለስንዴውን።
«አንቺስ?»
«እኔ?» አለች አፏ ሞልቶ። «የኔ ሆድ ምን ያልቻለው አለ፣ እትዬ።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦
«ቅዳሜ ነው የሚበሩት?
ወረቀቷን ይተዉልኝ። ምናልባት ሌላ ሰው ቢመጣ።»

ተውኩላት።
ለአውሮፕላኑ ተምር ይበቃኛል።