ሦስተኛዋ አንባቢ

ደሴ ላይ ጉም ሲወርድ ጦሳን ማን ያየዋል?
ሆጤ የቆመው ሰው «ተሸፍኗል» ይላል፣
ቧንቧ ውሃ ያለው «ጫፉ ወጥቷል» ብሎ በስልክ ይሟገታል፤
ተራራው እንደሆን ቁጭ ብሏል።

የእኔም ሥራ ይኸው ነው፤ መስኮቱ በተጋረደ ክፍል
የሰው ሳንባ እያየሁ፣ ጉሙን በቁጥር መክፈል።
ዜሮ ማለት ጥርት ያለ፣ ስድስት ማለት የሞላ፤
ፊልሙ ስም የለውም፣ መለያ ቁጥር እንጂ ሌላ
ምንም። ከኩታበር ይምጣ ከሐይቅ፣
አዲሱን ኪኒን ይዋጥ አሮጌውን፣ እኔ አላውቅ።

ዶክተር ጦይባ ሁለት አለች፤ አስናቀ አራት ጻፈ።
(እናቱን የወሰዳት ሳንባ ነቀርሳ ነው።
አይናገረውም። እኛ ግን እናውቃለን።)
ሁለቱ ሲለያዩ ፊልሙ ወደ እኔ አለፈ።
ለአንድ ብርቱ ሁለት ከሆነ መድኃኒቱ፣ ለሁለት ብርቱስ ስንት?
አንዲት መነጽራም ሴት፣ ለጡረታ የቀራት ሁለት ዓመት።

እውነቱን ልናገር፤ ዳኝነት ያኮራል።

ማክሰኞ ዕለት ግን መዝገብ ያዥዋ ፋንታነሽ
ወረቀት ዘረጋችልኝ፤ «እትዬ፣ እስቲ ይህን እይልኝ።»
ጠዋት በሦስት ሰዓት ሁለት ያልኩት ሳንባ፣
ሌላ ቁጥር ለብሶ እንደ እንግዳ ሲገባ
በዘጠኝ ሰዓት፣ አራት ብዬዋለሁ።
ያው ፊልም። ያው ዓይን። ያው ወንበር።
በመሃል ምን ነበር?
ምሳ ነበር። መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ አጉረመረመ፤
ልጄ ስለ ቤት ኪራይ ደወለች፤ አንገቴን ታመመ።
ሰው ከሰው አልስማማ ሲል ዳኛዋ እኔ ነኝ፤
የጠዋቷን እኔን ከከሰዓቷ ማን ያስማማልኝ?

ሐሙስ ተሰበሰብን፣ አንድ ስክሪን ፊት፣ ሃያ አሮጌ ፊልም ይዘን።
ጦይባ በእስክሪብቶ ጫፍ «ይህ የጎድን አጥንት ጥላ ነው» አለችን።
አስናቀ ቆይቶ፣ «ቀጭኗ ጉም ታስፈራኛለች» አለ።
«እኔ ሲደክመኝ አበዛለሁ» አልኩ።
ማንም አልሳቀ።
ከዚያ ልክ አበጀን፤ እስከዚህ ሁለት፣ ከዚህ ካለፈ ሦስት፤
ከሠላሳ ፊልም በላይ በአንድ ቁጭታ አይነበብ፤
መብራት ከሄደ ይቁም።
ልዩነቱ አልጠፋም። ጠበበ።
የቀረውን አልደበቅነውም፤ ከውጤቱ ጎን ጻፍነው፣
የዓይናችንን ስህተት፣ በቁጥሩ።

ማታ ስንወጣ ጦሳ ግማሹ የለም።
«ስንት ትይዋለሽ?» አለኝ አስናቀ፣
እየሳቀ።
አየሁት፤ ሁለት ልል ነበር።
«ነገ ጠዋት» አልኩት፣ «የዛሬውን ሳትነግረኝ
ደግመህ ጠይቀኝ።»